ያልተጻፈ ምክንያት፦ የወረቀት ፋብሪካ፣ ቀረጥና የሁለት መንግሥታት ቃል



ትሩጋኒና በወረቀት ሥራ የምትታወቅ ሰፈር አይደለችም፤ ወረቀት የሚያልፍባት ሰፈር ናት። ከሜልበርን መሀል ከተማ ወደ ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዚህች ሰፈር ከመኖሪያ ቤቶቹ ጎን ትላልቅ መጋዘኖች ተደርድረዋል። ከወደብ የመጣው ኮንቴይነር እዚያ ይራገፋል፤ ዕቃው በፎርክሊፍት ተነሥቶ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ በማግስቱም ወደ ሱቅ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ጽሕፈት ቤት ይጫናል። ከሚጫኑት ዕቃዎች አንዱ ማንም ልብ የማይለው የኤ ፎር ወረቀት ነው። አንድ ደስጣ አምስት መቶ ቅጠል ይይዛል። በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው የተለመደው ዓይነት ከሆነ ደስጣው ሁለት ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ አሥራ ስድስት ቅጠል ጎን ለጎን ቢነጠፍ አንድ ካሬ ሜትር ይሸፍናል።

ይህ ተራ ዕቃ ከቪክቶሪያ ተነሥቶ እስከ ጄኔቫ የደረሰ የሕግ ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩ ስለ ቀረጥ ነበር። መንግሥት ለአንድ ፋብሪካ በቀረጥ በኩል ሲያደላለት ምክንያቱን በምን ቃል እንደሚጽፍ፣ ቃሉ ከዓመታት በኋላ በሌላ ዳኛ ፊት ሲመዘን ምን እንደሚሆን፣ ከተጻፈው ውጭ የቀረው ነገርስ ፋብሪካውን እንዴት እንደሚጥለው ጉዳዩ በግልጽ ያሳያል። ለሕግ አውጪዎች ረቂቅ የሚያዘጋጁ ረዳቶችም ሆኑ አቤቱታ የሚጽፉ የመብት ተሟጋቾች ሊያውቁት የሚገባ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ በአደባባይ ክርክር ሁልጊዜ ይደባለቃሉና። የጉምሩክ ቀረጥ ድንበር በሚሻገር ዕቃ ላይ ይጣላል። ኤክሳይዝ በመሠረቱ በአገር ውስጥ በሚመረት ዕቃ ላይ የሚጣል ግብር ነው፤ የኢትዮጵያ ሕግ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ያሉ ዕቃዎች ከውጭ ሲገቡም ያስከፍላቸዋል። ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ ደግሞ በጉምሩክ ቀረጡ ላይ የሚደረብ ነው፤ ላኪው ዕቃውን በገዛ አገሩ ገበያ ከሚሸጥበት ዋጋ አሳንሶ ወደ ውጭ ሲልክና በዚህም የተቀባዩን አገር አምራች ሲጎዳ ይጣላል። መልካቸው ቢለያይም ለወረቀት ፋብሪካው ባለቤት የኤክሳይዝ ቅናሽና የፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ ወንድማማች ናቸው። የመጀመሪያው የራሱን ሸክም ያቀልለታል፤ ሁለተኛው የተፎካካሪውን ሸክም ያከብዳል።

በአውስትራሊያ ሁሉም የሚያንኳኩት በር አንድ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 የጉምሩክና የኤክሳይዝ ቀረጥ የመጣልን ሥልጣን ለፌዴራሉ ፓርላማ ብቻ ይሰጣል። ይህ የተረሳ የወረቀት ላይ ድንጋጌ አይደለም። ኦክቶበር 2023 ላይ የአገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት፣ በቫንደርስቶክ መዝገብ፣ የቪክቶሪያ ግዛት ከኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች በተጓዙበት ኪሎ ሜትር ልክ ይሰበስብ የነበረውን ክፍያ «ኤክሳይዝ ነው» ብሎ በአራት ለሦስት ድምፅ ሽሮታል። ስለዚህ የቀረጥ አቤቱታ ይዞ ወደ ግዛቱ ፓርላማ ወደ ስፕሪንግ ስትሪት የሚያቀና ሰው የተሳሳተ በር ያንኳኳል፤ ጉዳዩ የካንቤራ ነው። የመንግሥት ደን ግን የግዛቱ ነው። ወረቀት ከእንጨት ይሠራልና፣ አንዱን ፋብሪካ ሁለት መንግሥታት ከሁለት ወገን ይዘውት ይኖራሉ ማለት ነው። ይህ ነጥብ ኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ከሜልበርን ወደ ምሥራቅ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ላትሮብ ሸለቆ ውስጥ፣ የሜሪቬል ወረቀት ፋብሪካ ይገኛል። ሥራ የጀመረው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ባለቤቱን አውስትራሊያን ፔፐርን በ2009 የጃፓኑ ኒፖን ፔፐር ገዛው፤ ዛሬ ኦፓል በሚል ስም ይታወቃል። በአውስትራሊያ ቢሮዎች ስሙ የተለመደው ሪፍሌክስ የተባለ ነጭ ወረቀት ይወጣ የነበረው ከዚህ ነው። በሸለቆው ቀሪው ትልቅ ሥራ የድንጋይ ከሰል ማውጣትና ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነበር። የሄዘልውድ ማመንጫ በማርች 2017 መጨረሻ ተዘጋ። የወረቀት ፋብሪካው የቀረጥ ክርክር ያን ያህል የከበደው ለዚህ ነው፤ እዚያ ሥራ ያጣ ሠራተኛ በእግሩ ሄዶ የሚቀጠርበት ሌላ በር ብዙ አልነበረም።

አውስትራሊያን ፔፐር አቤቱታውን ለፀረ-ዳምፒንግ ኮሚሽን አቀረበ፤ ምርመራው በኤፕሪል 2016 በቁጥር 341 ተከፈተ። አቤቱታው ከብራዚል፣ ከቻይና፣ ከኢንዶኔዥያና ከታይላንድ የሚገባው ወረቀት ከመደበኛ ዋጋው በታች እየተሸጠ የአገር ውስጡን አምራች ጎድቷል የሚል ነበር። ዕቃው በጥንቃቄ ተገልጿል፦ ነጭ፣ ለጽሕፈትና ለኅትመት የሚውል፣ ሽፋን ያልተቀባ፣ በካሬ ሜትር ከ70 እስከ 100 ግራም የሚመዝን፣ በኤ ፎር ልክ የተቆረጠ። «ሽፋን ያልተቀባ» የሚለው ቃል ጥቂት ቆይቶ ያስፈልጋል። ከዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 2017፣ ሚኒስትሩ ከአራቱም አገሮች በሚመጣው ወረቀት ላይ ቀረጡን ጣሉ፤ መጠኑ እንደ ላኪው ይለያያል። ሄዘልውድ በተዘጋ በሳምንታት ውስጥ ለሸለቆው የተሰማ መልካም ወሬ ይህ ነበር።

ኢንዶኔዥያ ግን ዝም አላለችም። ቅሬታዋን ለመረዳት ኮሚሽኑ የሄደበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። ሕጉ በተለመደው አካሄድ ላኪው በአገሩ ውስጥ የሚሸጥበትን ዋጋና ወደ ውጭ የሚልክበትን ዋጋ ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ ዳምፒንግ ይባላል። ኮሚሽኑ በኢንዶኔዥያ ላይ ይህን መለኪያ አልተጠቀመም። የኢንዶኔዥያ መንግሥት ግንድ ወደ ውጭ እንዳይላክ በማገዱና በሌሎች የደን ፖሊሲዎቹ በአገሩ የእንጨት ዋጋ እንዲወርድ አድርጓል አለ። እንጨት ሲረክስ ፐልፑ ይረክሳል፤ ፐልፑ ሲረክስ ወረቀቱ ይረክሳል፤ ስለዚህ የአገር ውስጥ የወረቀት ዋጋው ራሱ የተዛባ ነው፣ ሚዛን ሊሆን አይችልም ሲል ደመደመ። የዓለም ንግድ ስምምነት ይህን «ልዩ የገበያ ሁኔታ» ይለዋል። ከዚያም ኮሚሽኑ በራሱ ስሌት ዋጋ ሠራ። ሁለት ትልልቅ አምራቾች በመዝገባቸው ላይ ያሰፈሩትን የፐልፕ ወጪ ትቶ፣ ከብራዚልና ከሌሎች የደቡብ አሜሪካ አገሮች ወደ ቻይናና ወደ ኮሪያ በሚላከው ፐልፕ ዋጋ ተካው። ስሌቱ በዚህ ዋጋ ሲሠራ የወረቀቱ «መደበኛ ዋጋ» ከፍ አለ፤ ከፍ ባለ ቁጥርም የዳምፒንጉ ልዩነት ሰፋ።

የኢንዶኔዥያ መልስ በእንጀራ ምሳሌ ሊነገር ይችላል። በአንድ ቤት የተጋገረ እንጀራ ግማሹ በሰፈር ይሸጣል፣ ግማሹ ወደ ሌላ ከተማ ይላካል እንበል። በዚያ አገር ጤፍ በመንግሥት ፖሊሲ ቢረክስ የሰፈሩም የተላከውም እንጀራ ከዚያው ርካሽ ጤፍ ተጋግሯል። የሁለቱ ዋጋ ቢነጻጸር የጤፉ መርከስ በሁለቱም ወገን ስላለ ንጽጽሩን አያዛባውም። ታዲያ የሰፈሩ ዋጋ ለምን ይጣላል? ኢንዶኔዥያ በሴፕቴምበር 2017 ጉዳዩን ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ወሰደችው፤ መዝገቡ ቁጥር 529 ነው። የዳኝነት ጉባኤው ውሳኔ ዲሴምበር 4 ቀን 2019 ተሰራጨ።

ውሳኔው አንዱን ወገን አንግሦ ሌላውን የጣለ አይደለም፤ ዋጋውም እዚህ ላይ ነው። ኢንዶኔዥያ «የጥሬ ዕቃ መርከስ ሁለቱንም ዋጋ እኩል ስለሚነካ ልዩ የገበያ ሁኔታ ሊባል ከቶ አይችልም» ስትል ያቀረበችውን ክርክር ጉባኤው አልተቀበለም፤ ሊባል ይችላል አለ። ሆኖም የስምምነቱ ዐረፍተ ነገር እዚያ አያበቃም። በልዩ ሁኔታው ምክንያት የአገር ውስጡ ሽያጭ «ተገቢ ንጽጽር» የማያስችል ሲሆን ነው መለኪያው የሚጣለው። አውስትራሊያ የመጀመሪያውን ግማሽ አረጋገጠች፤ ሁለተኛውን፣ ንጽጽሩ ለምን እንደማይቻል፣ እንደሚገባው ሳትመረምር አለፈች። የአምራቾቹን የወጪ መዝገብ የጣለችበትም አካሄድ ከስምምነቱ ጋር አልተስማማም። በአጭሩ፣ ኮሚሽኑ የተሸነፈው በጉዳዩ ዋና ሐሳብ አልነበረም። መጻፍ የነበረበትን ምክንያት ባለመጻፉ ነው።

በጎን ለሚታዘብ ሰው ቀኑም ይገርማል። ውሳኔው በተሰራጨ በሰባተኛው ቀን የድርጅቱ የይግባኝ አካል ዳኞች ቁጥር ከሚፈለገው በታች ወርዶ ሥራውን አቆመ። ይግባኝ ብሎ ውሳኔውን በአየር ላይ ማንጠልጠል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቀላል ሆኗል፤ ብዙ መንግሥታትም አድርገውታል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ግን አላደረጉትም፤ ውሳኔው በ2020 መጀመሪያ ያለ ይግባኝ ጸደቀ።

አሁን «ሽፋን ያልተቀባ» ወደሚለው ቃል መመለስ ይቻላል። በአውስትራሊያው ምርመራ ይህ ቃል ጠብ አላስነሣም፤ ዕቃው በክብደትም፣ በልክም፣ በአገልግሎትም ስለተወሰነ ቃሉ ብቻውን አልቆመም። በሕንድ ግን ተቃራኒው፣ «ሽፋን የተቀባ» የሚለው፣ አንድን ፋብሪካ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሷል። ይህ በእውነተኛው ስሙ የኤክሳይዝ ቅናሽ ክርክር ነው።

የሕንድ መንግሥት በ1984 ባወጣው ማስታወቂያ አነስተኛ የወረቀት ፋብሪካዎች ዝቅ ያለ ኤክሳይዝ እንዲከፍሉ ፈቀደ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ትንሹ ከትልቁ ጋር እኩል ከተከፈለበት ይጠፋል። ነገር ግን ማስታወቂያው የተወሰኑ ወረቀቶችን የሚሠራ ፋብሪካ ቅናሹን እንዳያገኝ ከለከለ። የተከለከሉት እነዚህ ነበሩ፦ የሲጋራ መጠቅለያ ስስ ወረቀት፣ ብርሃን አሳላፊው ግላሲን ወረቀት፣ ቅባት የማያሳልፍ ወረቀት፣ ሰም የተቀባውን ጨምሮ ሽፋን የተቀባ ወረቀት፣ እንዲሁም በካሬ ሜትር ከ25 ግራም የማይበልጥ ወረቀት። ሮሂት ፐልፕና ወረቀት የተባለው ፋብሪካ ለኅትመት የሚሆን አርት ወረቀትና ክሮሞ ወረቀትም ይሠራ ነበር። ሁለቱም ፊታቸው የተቀባ ነው። የግብር ባለሥልጣናቱ «ሽፋን የተቀባ ወረቀት ትሠራለህና ቅናሹ አይገባህም» አሉት።

ቃሉን ብቻ ለሚያነብ ባለሥልጣናቱ ልክ ናቸው። አርት ወረቀት ሽፋን አለው፤ ማስታወቂያው ደግሞ ሽፋን ያለውን ከልክሏል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 የሄደበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ቃሉን ከጎረቤቶቹ ጋር አነበበው። በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ሁሉ ለመጠቅለያና ለኢንዱስትሪ ሥራ የሚውሉ ልዩ ወረቀቶች ናቸው፤ መጽሐፍና ደብተር የሚሆን አንድም የለባቸውም። በዚህ ጉባኤ መካከል የተቀመጠው «ሽፋን የተቀባ ወረቀት»ም የእነርሱ ዓይነት የኢንዱስትሪ ወረቀት ማለት ነው፤ የኅትመቱን አይጨምርም ሲል ፈረደ። ፋብሪካው ረታ።

በአማርኛ ሰው በጓደኛው ይታወቃል ይባላል፤ ቃልም እንዲሁ ነው። የሕግ ሊቃውንት ለዚህ የላቲን ስም አላቸው፣ ስሙ ግን እዚህ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ የማስታወቂያው ረቂቅ አዘጋጅ «እነዚህ ወረቀቶች የተከለከሉት በዚህ ምክንያት ነው» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር ኖሮ፣ ወይም «ሽፋን የተቀባ» በሚለው ላይ «ለኅትመት ከሚውለው በቀር» የሚል ቢያክል ኖሮ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ዳኞች የጎደለውን ምክንያት ከቃላት ጉርብትና ፈልገው ማውጣት ባላስፈለጋቸው ነበር። ትንሹን ፋብሪካ ለመርዳት የወጣ ቅናሽ ትንሹን ፋብሪካ ለጠበቃ ክፍያ ዳረገው። ትልቅ ድርጅት እንዲህ ያለውን ክርክር ከዓመታዊ ወጪው ላይ ይችለዋል፤ ትንሹ አቅም ስለሚያጥረው ብዙውን ጊዜ ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ ይተወዋል። የተተዉት ክርክሮች ደግሞ በየትኛውም የፍርድ መጽሐፍ አይገኙም።

ወደ ሜሪቬል እንመለስ። ጄኔቫ የተመረመረው የኢንዶኔዥያ እንጨት ነበር። ፋብሪካውን የጣለው ግን የቪክቶሪያ እንጨት ነው።

የቪክቶሪያ ፓርላማ በ1996 ያጸደቀው የፐልፕ እንጨት ስምምነት ሕግ ግዛቱ ለሜሪቬል ከመንግሥት ደን እንጨት እስከ 2030 እንዲያቀርብ ያስገድዳል። እንጨቱን የሚያቀርበው ቪክፎረስትስ የተባለው የግዛቱ የልማት ድርጅት ነበር። ሁለት የአካባቢ ተቆርቋሪ ማኅበራት፣ የምሥራቅ ጊፕስላንድና የኪንግሌክ፣ ይህን ድርጅት ከሰሱት። ምክንያታቸው በሌሊት ከዛፍ ዛፍ እየተንሳፈፈ የሚሄደው ግላይደር የተባለ እንስሳ ነው፤ ድርጅቱ ዛፍ ከመቁረጡ በፊት እንስሳው መኖር አለመኖሩን በበቂ አይመረምርም አሉ። የቪክቶሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2022 ፈረደላቸው። አስቀድሞ ካልተመረመረና ለእንስሳው መጠለያ ካልተተወ መቁረጥ አይቻልም። ዛፍ መቁረጡ ተስተጓጎለ፤ ለነጭ ወረቀት የሚሆነው እንጨት ወደ ፋብሪካው መድረሱ ተቋረጠ። ፌብሩዋሪ 2023 ላይ ኦፓል በሜሪቬል ነጭ ወረቀት መሥራቱን ለዘለቄታው ማቆሙን አስታወቀ፤ ውሳኔው እስከ 200 የሚደርሱ ሠራተኞችን ነካ። በአውስትራሊያ የቢሮ ወረቀት የሚሠራ ሌላ ፋብሪካ አልነበረም። በሜይ የግዛቱ መንግሥት በተፈጥሮ ደን ላይ የሚካሄደው ቆረጣ በ2030 ሳይሆን ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ እንደሚቆም አወጀ። ሜሪቬል ዛሬም አለ፤ የሚሠራው ግን ቡናማውን የማሸጊያ ወረቀት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛ ፍለጋ መሄድ ይቀልላል። ተቆርቋሪዎቹ ሕግ እንዲከበር ጠየቁ፤ ፍርድ ቤቱ የተጻፈውን ሕግ አስፈጸመ፤ ፋብሪካው የተገባለትን ቃል አምኖ ሠራ፤ ኮሚሽኑም ከተሰጠው ሥልጣን አልወጣም። ሆኖም አንድ ነገር ዓይን ውስጥ ይገባል። ኮሚሽኑ በኢንዶኔዥያ ላይ የገነባው ክርክር በሙሉ የወረቀት ዋጋ በመጨረሻ የእንጨት ጥያቄ ነው፣ የእንጨት ጥያቄም የመንግሥት የደን ፖሊሲ ጥያቄ ነው የሚል ነበር። ይህ ትክክል ነው። ያው እውነት በላትሮብ ሸለቆም ትክክል ነበር። ፋብሪካው በፌዴራሉ መንግሥት ቀረጥ ታጥሮ ሳለ ጥሬ ዕቃው በአንድ ግዛት የደን ውል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ውሉ ደግሞ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ጋር እየተጋጨ ነበር። የቀረጡ ምርመራ ጉዳትን የሚጠይቀው ወደ ኋላ እያየ ነው፦ ከውጭ የመጣው ዕቃ አምራቹን ጎድቶታል ወይ? ወደ ፊት አይቶ ይህ አምራች ቀረጡ በሚቆይበት በአምስቱ ዓመት እንጨት ይኖረዋል ወይ ብሎ እንዲጠይቅ ሕጉ አላዘዘውም። ስለዚህ አልጠየቀም።

ፋብሪካው ሲያቆም ሕጉ ወደ ሌላ ገጽ ይገለበጣል። የፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ ተመሳሳይ ዕቃ የሚሠራ የአገር ውስጥ ኢንዱስትሪን ከጉዳት ለመከላከል የሚጣል ነው፤ የሚከላከለው ሰው ከሌለ የቀረጡ መሠረት አብሮ ይሄዳል። የአውስትራሊያ የጉምሩክ ሕግ ሌላም በር አለው፤ ከውጭ የሚገባን ዕቃ የሚተካ ምርት በአገር ውስጥ ከሌለ አስመጪው የቀረጥ ቅናሽ ትእዛዝ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል። ያው ጥያቄ፣ «ይህ ዕቃ እዚህ ይሠራል ወይ?»፣ ትናንት ለአምራቹ ጋሻ የነበረው፣ ዛሬ ለአስመጪው ቁልፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህን ታሪክ በአማርኛ የሚከታተል ሰው ዓይኑ ወደ አዲስ አበባ መመለሱ አይቀርም፤ መመለሱም ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ዕቃዎችን በስም ብቻ ሳይሆን በታሪፍ ቁጥር ይዘረዝራል። ይህ ሕንድ ውስጥ እንደታየው ያለ የቃል ጠብ ይቀንሳል። ቁጥሩ ግን ዕቃው ምን እንደሆነ እንጂ ለምን ከዝርዝሩ እንደገባ ወይም እንደወጣ አይናገርም። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው። አባልነቱ ሲመጣ ኤክሳይዝን ለአገር ውስጥ ምርት ብቻ ዝቅ አድርጎ ለተመሳሳዩ የውጭ ዕቃ ከፍ ማድረግ ይከለከላል፤ ስምምነቱ የውስጥ ግብር ለሁለቱም እኩል እንዲሆን ያዛል። ከዚያ በኋላ ቅናሽ የሚሰጥ መንግሥት ቅናሹን ከዕቃው ትውልድ አገር አላቅቆ ከሌላ ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከጥሬ ዕቃው ዓይነት ጋር፣ ሊያያይዘው ይገባል።

ለዚህ ወንጂ ጥሩ ማሰቢያ ነው። በወንጂ የስኳር ፋብሪካና የወረቀት ፋብሪካ ጎረቤታሞች ነበሩ። አገዳ ተጨምቆ የሚቀረው ገለባ ወረቀት ሊሆን ይችላል፤ ሕንድ ከአገዳ ገለባና ከእህል ጭድ ለሚሠራ ወረቀት የኤክሳይዝ ቅናሽ ትሰጥ ነበር። አንድ ቀን የኢትዮጵያ ፓርላማ ረዳት «ከአገዳ ገለባ ለሚሠራ ወረቀት ቅናሽ» የሚል ረቂቅ ቢያዘጋጅ ወዲያው የሚመጡበት ጥያቄዎች አሉ። ገለባው ከፐልፑ ምን ያህል እጅ መሆን አለበት? መለኪያው የፋብሪካው መዝገብ ነው ወይስ የላቦራቶሪ ምርመራ? ያው ፋብሪካ ከውጭ በመጣ ፐልፕ ሌላ ወረቀት ቢሠራ ቅናሹን በሙሉ ያጣል ወይስ በከፊል? የስኳር ፋብሪካው ገለባውን ለማሞቂያ ምድጃው ቢያነድደውና ለወረቀቱ ባይሸጥስ? ሮሂት የተከራከረው በሦስተኛው ጥያቄ ዓይነት ላይ ነበር፤ ሜሪቬል የወደቀው በአራተኛው ዓይነት ነው።

ለአውስትራሊያ ሕግ አውጪዎች ረዳቶችም ሥራው ከዚህ የራቀ አይደለም። ማንኛውም የቀረጥ ድጋፍ ሲጠየቅ ጠያቂው ጥሬ ዕቃው በማን ውል፣ እስከ መቼ እንደሚመጣ በአቤቱታው እንዲገልጽ ማድረግ የስምምነት ለውጥ አይጠይቅም፤ የማመልከቻ ቅጽ ለውጥ ነው። የፌዴራሉ ውሳኔ በአንድ ግዛት ሀብት ላይ የተመረኮዘ ሲሆን ለግዛቱ መንግሥት ደብዳቤ ጽፎ መልሱን ከመዝገቡ ጋር ማያያዝ አንድ ባለሙያ በሳምንት የሚጨርሰው ነው። ከባዱ ሠራተኛውን የሚመለከተው ነው። ቀረጡ ለአምስት ዓመት የሚሰጥ እስትንፋስ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ፋብሪካው ወደ ማሸጊያ ወረቀት ሊዞር ካለ ወይም በተተከለ ዛፍ ሊሠራ ካሰበ፣ ሠራተኛው በምን ሙያ ይሸጋገራል የሚለው እስትንፋሱ ሲሰጥ እንጂ ሲያልቅ የሚጠየቅ አይደለም። የሜሪቬል ሠራተኞች የሰሙት ሲያልቅ ነው።

የኮሚሽኑ የምርመራ መዝገቦች ለሕዝብ ክፍት ናቸው። አስመጪ፣ አምራች፣ የውጭ መንግሥት አስተያየት ያስገባበታል፤ የሠራተኛ ማኅበርና ወረቀቱን የሚገዛው ማተሚያ ቤትም ማስገባት ይችላሉ። መዝገብ ቁጥር 341ን የሚገልጥ ሰው በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች ስለ ኢንዶኔዥያ እንጨት ያገኛል። የሚቀጥለው ማመልከቻ፣ የወረቀትም ይሁን የብረት ወይም የመስታወት፣ በተከፈተ ቀን ከዚህ ሰፈር የሚላከው ደብዳቤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊያሰፍረው የሚገባው ስለ አመልካቹ ነው፦ ጥሬ ዕቃው ከየት ይመጣል፣ እስከ የትኛው ዓመት፣ ቃሉን የሰጠው የትኛው መንግሥት ነው?